ከላይ ወይስ ከታች? የናይሮቢ የክፍያ መንገድ አገልግሎት ሲመዘን

ናይሮቢ ከጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥቶ ታክሲ የተሳፈረ መንገደኛ፣ ቀበቶውን አስሮ ሳይጨርስ የሚቀርብለት ጥያቄ «ጁ ኣማ ቺኒ?» የሚል ነው። «ከላይ ወይስ ከታች?» ማለት ነው። ከላይ የሚባለው በከተማዋ መሐል በምሰሶ ላይ የተዘረጋው የክፍያ ፈጣን መንገድ ሲሆን፣ ከታች የሚባለው ደግሞ ናይሮቢዎች ለዓመታት ጧትና ማታ ሲማረሩበት የኖሩት ነባሩ የሞምባሳ መንገድ ነው። ጥያቄው ሲሰሙት የመስተንግዶ ይመስላል፤ ሹፌሩ በትክክል የሚጠይቀው ግን የመንገዱን ሒሳብ ትከፍላለህ ወይ ብሎ ነው፤ ምክንያቱም ከላይ ከተኬደ ክፍያው በታክሲው ዋጋ ላይ ተደምሮ ከተሳፋሪው ኪስ ይወጣል።

በሥራ ምክንያት ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ስመላለስ ይህን መንገድ ቀንም ማታም፣ በታክሲም በወዳጆች መኪናም ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ። ስለ አንድ ሆቴል ወይም ስለ አንድ ስልክ አስተያየት የሚጽፍ ሰው ዕቃውን አይቶ፣ ዋጋውን አመዛዝኖ ፍርዱን ይሰጣል። መንግሥትና የግል ኩባንያ ተዋውለው የሠሩትን መንገድ መገምገም ግን ከዚህ ከበድ ይላል፤ ምክንያቱም ገዢው የሚከፍለው ለረገጠው አስፋልት ብቻ ሳይሆን፣ እሱ ባልተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ለተፈረመ ውልም ጭምር ነው። ስለዚህ ይህ ግምገማ ሁለት ነገሮችን ለያይቶ ያያል፤ አንዱ መንገዱ ነው፣ ሌላው ውሉ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ መንገዱ ከጠበቅኩት በላይ ጥሩ ነው፤ ውሉ ግን ገዢ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነው።

መንገዱ ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ከምሎሎንጎ ተነስቶ፣ አውሮፕላን ማረፊያውን አልፎ፣ የመሐል ከተማውን ኡሁሩ ጎዳና በላዩ ተከትሎ ዌስትላንድስ የሚደርስ፣ 27 ኪሎ ሜትር የሚሆን ርዝመት ያለው ነው። የሠራው የቻይናው የመንገድና ድልድይ ኮርፖሬሽን ነው፤ የሚያስተዳድረውና ክፍያ የሚሰበስበው ደግሞ ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመው ሞጃ ኤክስፕረስዌይ የተባለ እህት ኩባንያ ነው። ወጪው ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፣ ገንዘቡን ያመጣው ኩባንያው ራሱ ነው። በምላሹ ለ27 ዓመት ከተጠቃሚው እየሰበሰበ ብድሩንና ትርፉን ያወጣል፤ ጊዜው ሲያልቅ መንገዱን ለኬንያ መንግሥት ያስረክባል። ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ለሙከራ ሲሆን፣ በይፋ የተመረቀው በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መኪናው ሲገባ የገባበት ቦታ በካርድ ይመዘገባል፤ ሲወጣ የተጓዘበት ርቀት ተሰልቶ ይከፍላል። ጥሬ ገንዘብ የያዘ በጥሬ ገንዘብ፣ አስቀድሞ ሒሳብ የሞላ በካርዱ ይከፍላል፤ በመስታወቱ ላይ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የለጠፈ ደግሞ ፍጥነቱን ከመቀነስ በቀር ሳይቆም ያልፋል። መጀመሪያ የሄድኩበት ታክሲ ሹፌር መሣሪያውን የገጠመ ነበርና ማገጃው ክንድ ገና ሳንደርስ ብድግ ሲል አይቶ፣ በሩን ራሱ የሠራው ይመስል «አየህ ቦስ!» አለኝ። የካርዱን ሒሳብ በኤምፔሳ ስለሚሞላው፣ ነዳጅ ከሚቀዳበት ጊዜ ያነሰ እንደሚፈጅበት እግረ መንገዱን አጫወተኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ፣ ናይሮቢን ከታች ብቻ ለሚያውቅ ሰው፣ ሌላ ከተማ የገባ ያህል ነው። በሞምባሳ መንገድ ዳር ባሉት ግራሮች ላይ ጎጆአቸውን የሠሩት አባ ኮዳዎች፣ ከታች ሲታዩ ከሰማይ ላይ የተሰቀሉ የሚመስሉት፣ ከላይ ሲኬድ በመስኮት ትይዩ ይመጣሉ፤ አንዱ ትልቅ አባ ኮዳ አንገቱን ደፍቶ መኪኖቹን እየቆጠረ የሚመስልበትን ቦታ አሁንም ባለፍኩ ቁጥር እፈልገዋለሁ። የኒያዮ ስታዲየም ቁልቁል ይታያል። የመሥሪያ ቤቶች ሦስተኛ ፎቅ መስኮቶች በአጠገብ ያልፋሉ። በመካከሉ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ተሳፋሪ ፈገግታ የሚያጭር ሰሌዳ አለ፤ ወደ መሐል ከተማው የሚያወርደው መውጫ ኃይለ ሥላሴ ይባላል፣ ከሥሩ ባለው በንጉሠ ነገሥቱ ስም በተሰየመው ጎዳና ምክንያት። ናይሮቢ ተወልደው ያደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች «ኃይለ ሥላሴ ላይ እንውረድ» ሲባባሉ መስማት ለእኔ እስካሁን አልለመደልኝም።

የተፈቀደው የፍጥነት ጣሪያ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ማለት ሕግ አክባሪ ሹፌር ከጫፍ እስከ ጫፍ በ20 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል ማለት ነው፤ ያው ርቀት ከታች ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ሁለት ሰዓት ሊፈጅ እንደሚችል በናይሮቢ አውሮፕላን ያመለጠው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ እዚህ የሚሸጠው ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ እንዲያውም ከጊዜው በላይ የሚሸጠው እርግጠኝነት ነው። የምሽት በረራ ያለው ሰው ከዌስትላንድስ ስንት ሰዓት መነሳት እንዳለበት በትክክል መናገር የቻለው ይህ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ነው። እንከኑ መውጫዎቹ ላይ ይታያል፤ ከላይ በ80 የመጡት መኪኖች ሁሉ አንድ ጠባብ መውረጃ ላይ ተሰብስበው፣ ምንም ስፋት ወዳልጨመረው የከተማ መንገድ ሲፈስሱ፣ የተገዛው ጊዜ ከፊሉ እዚያው ሰልፍ ላይ ይቀራል። ይህ የአስተናጋጆቹ ጥፋት አይደለም። ቧንቧ አስፍቶ ቀዳዳውን እንደነበረ የተወ ሰው የሚያገኘው ውጤት ነው።

የመንገዱ አያያዝ ግን የሚያስመሰግን ነው። አስፋልቱ ልሙጥ፣ የመስመሮቹ ቀለም የደመቀ፣ የምሽት መብራቱ የተሟላ ነው። ለዚህ ጥራት የኩባንያውን ቅንነት ማመስገን አያስፈልግም፤ ምክንያቱ የውሉ አሠራር ነው። በተለመደው አሠራር ተቋራጩ መንገዱን ሠርቶ፣ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ዓመት የዋስትና ጊዜ ብቻ ተጠያቂ ሆኖ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈነዳው ጉድጓድ የመንግሥት ዕዳ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ የመንግሥትና የግል ኩባንያ የአጋርነት ውል ግን የሠራው ራሱ ለሩብ ምዕተ ዓመት ከመንገዱ ጋር ይኖራል። ዛሬ በቀጭኑ ያነጠፈውን ነገ ራሱ ያድሰዋል፤ ጉድጓድ ሲበዛ ደንበኛ ይሸሸዋል፤ ስለዚህ ስንጥቅ በታየ ጊዜ ወዲያው መጠገኑ ለራሱ ኪስ ነው። የአጋርነት ውል ደጋፊዎች ከሚያነሷቸው ነጥቦች ሁሉ በእኔ ሚዛን ክብደት ያለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የአፍሪካ መንገዶች ዋና ችግር ጥገናን እየረሱ አዲስ መሥራት ነው፤ አዲስ መንገድ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ለተደፈነ ጉድጓድ ግን የመረቀ ባለ ሥልጣን አላየሁም።

ይሁንና ውል ብቻውን ጉድጓድ አይደፍንም። በሌላ አገር፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የክፍያ መንገድ ላይ፣ ከከፈልኩ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የመኪናችን ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ቸርኬው ተጣሞብን፣ ስንመለስ ለቅሬታ ያነጋገርነው ሠራተኛ ደረሰኛችንን አይቶ «ክፍያው ለማለፍ ነው፣ ለጥገና አይደለም» ብሎ በትሕትና አሰናብቶናል። ልዩነቱን የሚያመጣው ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የመንገዱን ልስላሴ፣ የመብራቱን ብዛት፣ የተበላሸ መኪና ተጎትቶ የሚነሳበትን ደቂቃ ሳይቀር በውል ውስጥ ጽፎ፣ በየጊዜው ለክቶ፣ ሲጎድል የሚቀጣ መሆኑ ነው።

ስለ ጥገና ከተነሳ የጭነት መኪኖችን ነገር ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። በዚህ መንገድ ላይ አራትና ከዚያ በላይ አክስል (ጎማዎቹን የሚሸከም ዘንግ) ያለው ከባድ መኪና የሚከፍለው ከቤት አውቶሞቢል አምስት እጥፍ ነው። የጭነት ባለንብረቶች ይህን ሲሰሙ ዝርፊያ ይሉታል፤ የመንገድ መሐንዲስ ሲሰማው ግን ርካሽ ነው ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የመንገድ ሙከራ ጀምሮ እንደሚታወቀው፣ አንድ አክስል በአስፋልት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በክብደቱ አራተኛ ርቢ ገደማ ያድጋል፤ በአንድ አክስል ላይ ያረፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ይደርሳል ማለት ነው። ከተፈቀደው በላይ የጫነ አንድ ተሳቢ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የቤት መኪኖች የማያደርሱትን ጉዳት አድርሶ ያልፋል። ስለዚህ የክፍያ መንገድ ያለ ክብደት መመዘኛ ጣቢያ ከሆነ፣ ትንንሾቹ የትልልቆቹን ጥገና እየከፈሉ ናቸው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። መንገዱ ሲከፈት የቤት መኪና የሚከፍለው፣ እንደ ርቀቱ፣ ከ120 እስከ 360 የኬንያ ሽልንግ ነበር። ከጥር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ዝቅተኛው 170፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ደግሞ 500 ሆነ፤ የከባድ መኪናውም ጣሪያ ከ1,800 ወደ 2,500 ከፍ አለ። በአንድ ሌሊት 39 በመቶ ገደማ ጨመረ ማለት ነው። በዚያ ሌሊት መንገዱ አልረዘመም፤ አስፋልቱ አልታደሰም፤ መውጫም አልተጨመረም። የተለወጠው የገንዘብ ምንዛሪ ነው። መንገዱ ሲከፈት አንድ ዶላር በ116 ሽልንግ አካባቢ ይመነዘር ነበር፤ በ2023 መጨረሻ ከ156 አልፎ ነበር። ኩባንያው የሚሰበስበው ሽልንግ ነው፤ ወጪውና ዕዳው ግን የተሰላው በዶላር ነው፤ ስለዚህ ሽልንግ ሲወድቅ ታሪፉ እንዲስተካከል የሚያስችል አንቀጽ አለ፤ የጭማሪው ምክንያትም ይኸው እንደሆነ በይፋ ተነግሯል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ምሎሎንጎ የሚኖር የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዙ በሽልንግ ነው፤ ሽልንግ ሲዳከም ዘይቱም፣ ነዳጁም፣ የልጁ ደብተርም ተወድዶበታል። ልክ በዚያው ሰዓት፣ ልክ በዚያው ምክንያት፣ ወደ ሥራ የሚሄድበት መንገድም ይወደድበታል። በወር 22 ቀን ደርሶ መልስ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚጠቀም ሰው በድሮው ታሪፍ 15,840 ሽልንግ ይከፍል የነበረው፣ በአዲሱ 22,000 ሆነበት። የምንዛሪ አደጋ የሚባለው ነገር በባንክ ሰዎች ቋንቋ ሲነገር የራቀ ይመስላል፤ እዚህ ግን በማገጃው ክንድ ፊት ለፊት፣ በሳንቲም ተመንዝሮ ይታያል። ሌላው ደግሞ የሚዛኑ ነገር ነው። በ2024 አጋማሽ ሽልንግ ጠንክሮ ወደ 130 አካባቢ ሲመለስ፣ ታሪፉ ግን ወደ ነበረበት አልተመለሰም። ወደ ላይ ፈጥኖ የሚሠራ፣ ወደ ታች የሚዝግ ማጠፊያ ያለው በር እኔ ቤት ቢኖር አናጺ እጠራለሁ።

የእኛን አገር አንባቢ ይህ ነገር ወዲያው የሚያስታውሰው የአዲስ አበባ–አዳማን መንገድ መሆኑ አይቀርም። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው ይህ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ መንገድ ወጪው ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በቁጥር ሲታይ ከናይሮቢው ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ምንም እንኳ አንዱ ሜዳ ላይ የተዘረጋ፣ ሌላው ትልቅ ከተማ መሐል በምሰሶ የተሸከሙት ቢሆንም። መሠረታዊው ልዩነት ግን ባለቤትነቱ ላይ ነው። የአዳማው ከወጪው ከግማሽ በላይ በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር፣ የቀረው በመንግሥት ገንዘብ ተሠርቶ፣ ክፍያውን የሚሰበስበው የመንግሥት ድርጅት ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ከ57 ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል፤ በአዳማ መንገድ ላይ የናይሮቢው ዓይነት አንቀጽ ቢኖር ኖሮ፣ ክፍያው በአንድ ክረምት እጥፍ ሊሆን ይችል ነበር ማለት ነው። እንዲህ አልሆነም። ነገር ግን የዶላሩ ዕዳ ስላልታየ የለም ማለት አይደለም፤ ክፍያው ከማገጃው ክንድ ተነስቶ ወደ መንግሥት ካዝና ተዛወረ እንጂ። ናይሮቢ ላይ የሚከፍለው የተጠቀመው ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ መንገዱን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ የሰቆጣ ገበሬም በግብሩ ይካፈላል። የትኛው ይሻላል ቢባል፣ ለተጠቃሚው የኛው፣ ለገበሬው የናይሮቢው ይሻላል ብዬ እመልሳለሁ።

በአጋርነት ውል ላይ ዋና ቅሬታዬ ግን ከዋጋው ይልቅ ዋጋው የተቆረጠበት መንገድ ነው። የናይሮቢውን መንገድ እንሥራ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከኩባንያው ራሱ ነው፤ በሕጉ ቋንቋ በግል አነሳሽነት የቀረበ ፕሮፖዛል ይባላል። አቅራቢው ዕቃውንም፣ ዋጋውንም፣ የመክፈያ ጊዜውንም ይዞ ሲመጣና ተወዳዳሪ ሳይኖር ሲቀር፣ 27 ዓመት ለምን 20 አልሆነም ብሎ ለመከራከር መንግሥት የሚያወዳድርበት ሌላ ዋጋ በእጁ የለውም። በዚያ ላይ የኬንያ ባለ መኪና ለመንገድ ጥገና ተብሎ ከሚቀዳው ነዳጅ በየሊትሩ 18 ሽልንግ ሲከፍል ኖሮ፣ ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 25 ሆኖበታል። ከላይ የሚሄደው ሰው ለማይነዳበት ለታችኛው መንገድ በነዳጁ፣ ለሚነዳበት ለላይኛው ደግሞ በካርዱ ይከፍላል። «ሁለቴ ከፈልን» የሚሉ ናይሮቢዎች ይህን ሲያነሱ መልስ የሚሰጣቸው አልሰማሁም።

ስለ ታችኛው መንገድ ደግሞ ጥቂት ልበል። የክፍያ መንገዱ ለሞተር ብስክሌት፣ ለብስክሌትና ለእግረኛ ዝግ ነው፤ ይህ ለደኅንነት ሲባል ትክክል ነው። ማታቱ የሚባሉት የሕዝብ ሚኒባሶችም አብዛኞቹ ከታች ይሄዳሉ፤ ተሳፋሪያቸው በየፌርማታው የሚወጣና የሚወርድ ስለሆነ፣ መቆም በማይፈቀድበት መንገድ ላይ ምን ይሠራሉ? ስለዚህ ከከተማው ሕዝብ አብዛኛው፣ በእግሩና በማታቱ የሚሄደው፣ ከዚህ መንገድ ያገኘው ነገር ቢኖር ከምሰሶዎቹ የሚወርደው ጥላ ነው። የተወሰኑ መኪኖች ወደ ላይ ስለወጡ ታችኛው ቀለል ማለቱ እውነት ነው፤ በተለይ ከቀትር በኋላ ይታወቃል። በግንባታው ጊዜ ዛፎች ሲቆረጡ አንዱ ግን ተርፏል፤ ዌስትላንድስ ዋያኪ ጎዳና ላይ ያለው ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ትልቅ ሾላ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ሊነቀል ሲል የከተማዋ ሰዎች ተቃውመው፣ በፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ዘመን በወጣ ትእዛዝ እንዲተርፍ ተደርጓል። ሾላ በኬንያ የኪኩዩ ብሔረሰብ ዘንድ የተከበረ ዛፍ ነው፤ ከዋርካ ሥር ሸንጎ ተቀምጦ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። መሐንዲሶቹ ዛፉን ሲያተርፉ መንገዱ አልፈረሰም፤ ለካ ሲፈለግ ንድፍ ይለወጣል።

ኢስሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ሱቅ ያላቸው፣ ናይሮቢ ከሃያ ዓመት በላይ የኖሩ አንድ አገሬ ሰው፣ ይህን መንገድ ሳደንቅላቸው ቡናቸውን እያማሰሉ ሰሙኝና «ልጄ፣ አንተ እንግዳ ስለሆንክ በመኪናው ውስጥ ያለውን ታያለህ፤ እኔ ዕቃውን ነው የማየው» አሉኝ። ከሞምባሳ የሚመጣላቸው ዕቃ የተጫነበት ተሳቢ ከላይ አይሄድም፤ ሹፌሩ 2,500 ሽልንግ ከሚከፍል ሌሊት ጠብቆ በታችኛው ወይም በቀለበት መንገዶቹ ይዞራል። «እና ጋሼ፣ ለእርስዎ ምንም አልጠቀመም?» ብላቸው፣ «ልጆቼን አውሮፕላን ማረፊያ ስሸኝ ጠቅሞኛል፤ በዓመት ሁለቴ» ብለው ሳቁ።

በሌሎች አገሮች የታየውን ማስታወስ የናይሮቢውን በልኩ ለመመዘን ይረዳል። ሌጎስ ውስጥ የሌኪ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2006 ለግል ኩባንያ ለ30 ዓመት ተሰጥቶ፣ ክፍያው ሲጀመር ነዋሪው አደባባይ ወጥቶ፣ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2013 የሌጎስ ክፍለ አገር መንግሥት ውሉን መልሶ ገዝቷል፤ ነዋሪውን ያስቆጣው ደግሞ ሲመላለስበት የኖረው መንገድ ድንገት በር ተገጥሞለት መክፈል መጀመሩ ነበር። ከደቡብ አፍሪካ እስከ ማፑቶ የተዘረጋው ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የኤን ፎር መንገድ ግን እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በ30 ዓመት ውል እስካሁን ዘልቋል። እዚያ በየክፍያ ጣቢያው አቅራቢያ የሚኖሩ ሰዎችና አዘውታሪ ተጠቃሚዎች ቅናሽ ያገኛሉ፤ የበለጠ ትራፊክ ያለው የደቡብ አፍሪካው ወገን ገቢም የሞዛምቢኩን ይደግፋል። ናይሮቢ ላይ እንዲህ ያለ የነዋሪ ቅናሽ ቢኖር ምሎሎንጎ ላይ ያለው የሒሳብ ሠራተኛ ኑሮ ምን ያህል በቀለለ ነበር።

ኬንያ ራሷ ቀጣዩን ጀምራለች። ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ከሪሮኒ ተነስቶ በናኩሩ በኩል እስከ ማው ሰሚት የሚደርሰው መንገድ በመጀመሪያ ለፈረንሳዮች ተሰጥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ያ ውል ፈርሶ መንግሥት ካሳ ለመክፈል ተገድዶ፣ ሥራው ለቻይና ኩባንያዎች ተሰጠ፤ ከእነሱም ጋር የኬንያ የሠራተኞች የጡረታ ቁጠባ ተቋም ባለ ድርሻ ሆኖ ገባ። የተነገረው ታሪፍ ለቤት መኪና በኪሎ ሜትር 8 ሽልንግ ነው፤ 175 ኪሎ ሜትሩን ለሚሄድ 1,400 ሽልንግ ይሆናል። የጡረታ ገንዘብ መግባቱን እወደዋለሁ፤ ተቆጣቢው ሽልንግ ያስገባል፣ ሽልንግ ያወጣል፣ የዶላሩ ጣጣ በዚያ ድርሻ ልክ ይቀንሳል። የማልወደው ሌላ ነገር ነው፤ ይህኛው ነባሩን መንገድ በማስፋት የሚሠራ ነው። ናይሮቢ ላይ «ከላይ ወይስ ከታች?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እዚያ «ከታች» የሚባለው ሩቅ ዞሮ የሚመጣ ሌላ መንገድ ነው።

እኛም ዘንድ የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ከወጣ ቆይቷል፤ በዚያ ማዕቀፍ የሚፈረም የመንገድ ውል ሲመጣ፣ ስለ ምርቃቱ ከሚጻፈው ዜና ይልቅ እኔ አስቀድሜ የማነበው ሦስት ነገር ነው፦ ታሪፉ ከየትኛው ገንዘብ ጋር ታሰረ፣ ምንዛሪው ሲሻሻል ወደ ታች የሚያወርድ አንቀጽ አለው ወይ፣ የማይከፍል ሰው የሚሄድበት መንገድ ይቀራል ወይ። የአስፋልቱን ውፍረት መሐንዲሶቹ ያውቁበታል።

ለሚጠቀሙበት ሰዎች ያለኝ ምክር አጭር ነው። በረራ ያለው፣ በተለይ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጧቱ አንድ እስከ አራት ሰዓት፣ ከቀኑም ከአሥር እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት የሚጓዝ ከላይ ይሂድ፤ ያለ ጥርጥር ዋጋውን ያወጣል። ታክሲ ሲጠራ የመንገዱ ክፍያ በተነገረው ዋጋ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ከመነሳቱ በፊት ይጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ የለም። በራሱ መኪና የሚመላለስ መሣሪያውን ያስገጥም፤ የጥሬ ገንዘቡ ሰልፍ ረዘም ያለ ነውና። መሐል ከተማ ሥራ ያለው በኃይለ ሥላሴ ከመውረዱ በፊት የሰዓቱን ሁኔታ ሹፌሩን ይጠይቅ፤ አንዳንዴ ሙዚየም ሂል ድረስ አልፎ መመለስ ይፈጥናል።

ባለፈው የተመለስኩት እሑድ ጧት ነበር። ከዌስትላንድስ የወሰደኝ ሹፌር እንደ ወጉ «ጁ ኣማ ቺኒ?» አለኝ። ጎዳናው ጭር ብሏል፤ ከታች አልኩት። በምሰሶዎቹ መካከል፣ በሌላ ቀን አንድ ሰዓት በምንቆምበት ቦታ ላይ አንዴም ፍሬን ሳንይዝ ነጎድን፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ቤተሰቦች ነጭ ለብሰው በዳር ይራመዳሉ፤ አባ ኮዳዎቹም በግራሮቻቸው ላይ፣ ከወትሮው ከፍ ብለው ነበሩ። አውሮፕላን ማረፊያው ስንደርስ ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀረኝ ነበር፤ ያልከፈልኩትን የመንገድ ሒሳብ ለሹፌሩ ጨመርኩለት።